ያልተቃጠለው ጎተራ

ኩታበር፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሳፊያ፣ ቤልጅየም

አሰላሙ ዓለይኪ! ያ ብርድ እንዴት አድርጎሻል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

ባለፈው ስልኩ ከተቋረጠ በኋላ ኔትወርክ እንቢ ስላለኝ የሆነውን ሳልነግርሽ ሰነበትሁ። የጎረቤታችን የየሱፍ ሚስት መርየም አሮጌውን ጎተራ በጠረገች በሦስተኛው ቀን ትኩሳት እንደጣላት ነግሬሻለሁ። አንዱ ደግሞ ከስልኩ ላይ «ከአይጥ የሚመጣ፣ እንደ ኮሮና ዓለምን የሚያዳርስ በሽታ» የሚል አንብቦ ቀዬውን አሸበረው። በደጃፋቸው የሚያልፍ ጠፋ።

በስልክ አንቺን ጠይቄ ስመለስ የሱፍ ጋዝና ክብሪት ይዞ ጎተራው ሥር ቆሟል። የዓመት ገብሱ እኮ ነው ውስጡ ያለው!

«ተው! ሳፊያ አታቃጥሉ ብላለች። ሲነድ አይጦቹ ሸሽተው እየቤታችን ይገባሉ» አልሁት።

«ልጅህ ባሕር ማዶ ሆና የእኔን ቤት ምን ታውቃለች?» ብሎ ጮኸብኝ።

«ቤትህን ባታውቅ አይጥ ታውቃለች። ይልቅ መርየምን ደሴ እናድርሳት፤ ያዝ!»

የሚሸከም ሰው ብናጣ እኔና እሱ ብቻ በቃሬዛ እስከ መኪናው መንገድ አደረስናት። ወላሂ፣ እኔም ፈርቼ ነበር። እንዳልሽኝ አፍና አፍንጫዬን ሸፍኜ ነው እሷ ወደተኛችበት የገባሁት።

ደሴ ስንደርስ ጎተራ መጥረጓን ለሐኪሙ ነገርሁት። «ደግ አደረጉ፤ ብዙው ሰው ይህን አይነግረንም» አለኝ። ደሟ ሲመረመር ታይፎይድ ሆነ። በሳምንቷ በእግሯ ሄዳ ቤቷ ገባች።

ነገሩ በዚያ አላበቃም። የአይጡ ወሬ ደርሷቸው ከኮምቦልቻ የእንስሳት በሽታ የሚመረምሩ ባለሙያዎች መጡና በየጎተራው ወጥመድ እናኑር አሉ። ሰዉ «በሽታውን የሚያመጡትስ እነሱ ናቸው» ብሎ በሩን ዘጋ። የእኛን ከፈትሁላቸው። ቀጥሎ ማን የከፈተ ይመስልሻል? የሱፍ! አሥራ ዘጠኝ አይጥ ይዘው ደማቸውን ወሰዱ፤ ውጤቱ ገና ነው። ቫይረስ ቢገኝ እንኳ ወዲያው ሰው ይፈጃል ማለት አይደለም አሉን። ግን አንዱ ቫይረስ ወደ ሰው መሻገር፣ ከሰው ወደ ሰው መዛመት ከለመደ፣ ዓለም ሳይሰማ ቀድሞ የሚያገኘው ገበሬውን ነው አሉ። እኛም አብሽሩ፣ ተጠንቅቀናል አልናቸው። መርየምማ ሴቶቹን ትቆጣለች፦ «መጀመሪያ በሩን ከፍታችሁ አናፍሱ! በረኪና ያለበት ውሃ ሳትረጩ መጥረጊያ እንዳትነኩ!»

አንድ ነገር ልንገርሽ። ደሴ ላይ ሐኪሙ «ይህን እንዲነግሩን ማን መከረዎት?» አለኝ።

«ልጄ።»

«ምን ትሠራለች?»

እስከ ዛሬ ሰው ሲጠይቀኝ «ትማራለች» ብዬ ነበር የማልፈው። ስትሄጂ «ለአይጥ ብለሽ ነው አገር የምትለቂው?» ያልሁሽንም አትረሺውም። ያን ዕለት ግን ወረፋ የያዘው ሁሉ እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ «አይጥ ትመረምራለች!» አልሁ።

አላህ ከክፉ ይጠብቅሽ፣ ዕውቀትሽን ለሰው የሚተርፍ ያድርገው። ስትሠሪ ጓንትሽን እንዳትረሺ።

አባትሽ ሚስባህ