ስለ ደመ ነጩ ዓሣ ያልኩትና ያላልኩት

ጥቅምት 9
ዘጠኝ ሰው። ሁለቱ ዝናብ ሽሽት የገቡ ናቸው፤ ሲያባራ ወጡ። ለቀሩት ሰባት ስለ ደቡብ ዋልታ ዓሣዎች አርባ ደቂቃ አወራሁ። ሠንጠረዥ፣ የሙቀት መጠን፣ ደግሞ ሌላ ሠንጠረዥ... ፊት ወንበር ላይ የነበሩት ሽማግሌ አንቀላፉ። ቀናሁባቸው።
የሙዚየሙ ኃላፊ ኮሪደር ላይ ያዘኝ። «ዶክተር፣ ዕውቀቱስ አለሽ። ጨው ነው ያነሰው።» ለሐሙስ ሬዲዮ ጣቢያ ቀጠሮ ይዞልኛል። ሃያ ደቂቃ፣ በቀጥታ ስርጭት።
እቤት ስገባ እማዬ፦ «ዛሬስ ስንት ሰው መጣ?»
«ዘጠኝ።»
«ለማያውቁት ሰው ቀብር እንኳ ከዚያ በላይ ይመጣል!»

ጥቅምት 12
ለሬዲዮ ያሰብኩትን እማዬ ላይ ሞከርኩት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። «ደመ ነጭ የምንለው ዓሣ ደሙ ቀይ አይደለም፤ ጥርት ያለ ነው» ስላት ቢላዋውን አስቀመጠች።
«ደም ብለሽ ደግሞ ውኃ ትይኛለሽ?»
«ባሕሩ በረዶ ሊሆን ትንሽ ሲቀረው እሱ ይዋኛል። ሰውነቱ ውስጥ የበረዶ ቅንጣት ስትገባ እንዳታድግ ይዞ የሚያግዳት ፕሮቲን አለው።»
«እንደ ዘበኛ?»
እንደ ዘበኛ! ሁለት ጊዜ በመርከብ ሄጄ፣ ስድስት ዓመት አጥንቼ... ይህቺን ቃል እንዴት አጣኋት?

ጥቅምት 14
መጀመሪያ ከወረቀቴ አነበብኩ። «ዘበኛ» ስል ጋዜጠኛዋ ሳቀች። ከዚያ በኋላ ማን ያቁመኝ! ስልኩ አላርፍ አለ።
ሁለት ደቂቃ ሲቀር ጋዜጠኛዋ፦ «ታዲያ ይህ ዓሣ ለእኛ ምን ይፈይዳል?»
አንዳንድ ተመራማሪዎች ለንቅለ ተከላ የሚሆን አካል እንዳይበላሽ በእንዲህ ዓይነት ፕሮቲን ሊያቆዩ እየሞከሩ ነው። እውነት ነው። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። «በቅርቡ ኩላሊት ማቀዝቀዣ ውስጥ ተቀምጦ ባለቤቱን ይጠብቃል፤ ሰው ወንድሙን መለመን ይቀርለታል» አልኩ። በቅርቡ... ከየት አመጣሁት?
ኃላፊው እጄን ጨበጠ። «አሁን ጨው ገባበት!» ደስ አለኝ። ለምን እዋሻለሁ፣ በጣም ደስ አለኝ።

ጥቅምት 23
መቶ አርባ ሰው! ወንበር አልበቃም፤ መሬት ላይ የተቀመጡ ነበሩ።
ሁሉም ሲወጣ አንድ ሰው ቀረ። ልብስ ሰፊ ነው፤ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ መጥቷል። የሚስቱ ኩላሊት ሥራ ካቆመ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። በሳምንት ሦስት ቀን ደሟን በማሽን ያጥቡላታል። ወንድሟ አንድ ኩላሊቱን ሊሰጣት ተስማምቶ፣ ምርመራውን ጨርሶ ነበር። ሬዲዮ ሰማ። «በቅርቡ ከተባለ ምን አስቸኮለን?» ብሎ ቀጠሮውን ሰረዘ።
ልብስ ሰፊው አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት ዶክተር። በቅርቡ ማለት... ስንት ወር ነው?»
ምን መለስኩ? «አጣርቼ እደውልልዎታለሁ።» ምኑን ነው የማጣራው!

ጥቅምት 24
ለእማዬ ነገርኳት።
«ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው ልጄ። እንግዲህ ተከትለሽ ውጪያ።»

ጥቅምት 25
ልብስ ሰፊው ቤት ሄድኩ። ልብስ የሚሰፋበት ክፍል ከሳሎኑ ጋር አንድ ነው። ሚስትየው ሶፋ ላይ፣ ወንድሟ በር አጠገብ። የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ሰውነቱ በሩን ሞልቶታል።
«በሬዲዮ ያልኩት ልክ አልነበረም» አልኩ። «በቅርቡ አይደለም። መቼ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ጨርሶ ላይሳካም ይችላል።»
የስፌት መኪናው ቆመ።
«ታዲያ ለምን አልሽው?» አለ ሾፌሩ።
«ሰው እንዲሰማኝ ፈልጌ።»
ሚስትየው ወደ እኔ ዞረች። «እሱ ድሮም ፈርቶ ነበር። አንቺ ሰበቡን ነው የሰጠሽው እንጂ ፍርሃቱ የራሱ ነው።»
ሾፌሩ ቁልፉን አንስቶ ወጣ። ጥፋቴን አረምኩ? ወይስ ሰውየውን እህቱ ፊት አዋረድኩት?

ጥቅምት 28
በሬዲዮ ላርመው ስል ኃላፊው እምቢ ብሎ ነበር። «ሰው ገና መምጣት ሲጀምር በገዛ እጅሽ ልትበትኚው ነው?» ጋዜጠኛዋን በራሴ ለመንኳት። ሦስት ደቂቃ ሰጠችኝ። ተሳስቻለሁ፣ ያልተረጋገጠውን እንደተረጋገጠ አድርጌ ተናግሬያለሁ አልኩ።
ማንም አልደወለም።

ኅዳር 7
ስልሳ ሰው። ኃላፊው አኩርፏል።
አንዷ «ኩላሊት ማቆየቱ መቼ ይደርሳል?» አለችኝ። «አላውቅም» አልኳት። የሚገርመው፣ ከዚያ በኋላ ነው ጥያቄው የበዛው።

ኅዳር 12
የልብስ ሰፊው ሚስት ደወለች። ወንድሟ እስካሁን ድምፁ የለም።
«አራት ሰዓት ሙሉ ማሽን ላይ ተጋድመን ጣሪያ እንቆጥራለን። ቴሌቪዥኑም ተበላሽቷል። መጥተሽ አውሪን።»
«ስለ ምን?» አልኩ፣ እያወቅኩ።
«ስለ ዓሣው ነዋ! መድኃኒት አላልኩሽም። ስለ ዓሣው ብቻ።»

ኅዳር 16
ስድስት አልጋ፣ ስድስት ማሽን። ደማቸው በቀጭን ቱቦ ወጥቶ ይመለሳል። እዚያ መሐል ቆሜ ስለ ደም ላውራ?
«ጀምሪያ እህቴ፣ የትም አንሄድብሽ!» አለች ሚስትየው።
ያለ ሠንጠረዥ ጀመርኩ። ደመ ነጭ መሆኑን ስነግራቸው አንድ ሽማግሌ ቱቧቸውን አዩ። «እኔ በዚህ ሁሉ ቀይ ደም አልጋ ላይ ወድቄ፣ እሱ በረዶ ውስጥ ይዝናናል?» ሳቁ። ነርሷ «ክንዳችሁን አታንቀሳቅሱ!» እያለች ራሷም ሳቀች።
«አይበርደውም?» አለች አንዷ።
«አላውቅም። በረዶ አይሆንም፤ ያን አውቃለሁ። ይበርደው እንደሆነ ግን የጠየቀው የለም።»
በሩ ተከፈተ። ሾፌሩ። ኮፍያውን አውልቆ የእህቱ አልጋ ግርጌ ተቀመጠ። ቀጠልኩ። ሳበቃ እንደ ተማሪ እጁን አወጣ።
«እነዚህ ዓሣዎች... ይፈራሉ?»
«መረብ ሲያዩ ይሸሻሉ። ፍርሃት ይባል አይባል እንጃ።»
ራሱን ነቀነቀ። ወደ እህቱ ሳያይ፦ «ረቡዕ ሐኪሙ ዘንድ እሄዳለሁ። አሁንም ፈርቻለሁ። ግን እሄዳለሁ።»
እህቱ ነፃ በሆነው እጇ እጅጌውን ጨምድዳ ያዘች። ዓይኗ ሞልቷል፤ ድምፇ ግን ያው ነው።
«እሺ፣ አሁን ዝም በልና ስማ። ስለ ልቡ ገና አልነገረችንም።»
ልቡ ትልቅ ነው፤ ነጩ ደም ብዙ አየር ስለማይሸከም አብዝቶ መርጨት አለበት። ነገርኳቸው። ቀስ ብዬ፣ የማውቀውን ያህል ብቻ።