ዝግ ስለነበረው ስልክ

ሻርጃ ላለሽው ልጄ ለኑሃሚን፤

እንደምን ሰነበትሽ የኔ ልጅ? እንደምን ከረምሽ? የዚያ አገር ሙቀት እንዴት አድርጎሻል? ያ ወገብሽን ይይዝሽ የነበረው ሕመም ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጪ ይነሳብሻል? እህልስ ይወርድልሻል? የጎረቤታችን የኩብራ ልጅ ሳጂዳ ከዚያ ለእረፍት መጥታ ገና ሻንጣዋን ሳታወርድ መጀመሪያ የጠየቅኋት ስለ ፊትሽ ነው። «አልከሳችም፣ ትንሽ ጠቆር ብላለች እንጂ» አለችኝ። ይህችን ቃሏን ይዤ ነው የሰነበትኩት። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ጉልበቴ ቁልቁለት ሲሆን ያስቸግረኛል፣ ሽቅብ ግን አሁንም ማንም አይቀድመኝም። ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብኝ የለም ብዬ እንዳልጽፍልሽ የጎደለብንን ሁለታችንም እናውቀዋለን።

ይህን ደብዳቤ ሳጂዳ ስትመለስ በእጅሽ ትስጥልኝ ብዬ ከጀመርኩት ዛሬ አምስተኛ ቀኔ ነው። እጄ ቀርፋፋ መሆኑን ታውቂያለሽ። ከስምንተኛ ክፍል ወዲህ ከአንድ ገጽ ያለፈ ነገር ጽፌ አላውቅም። ቢሆንም በስልክ የሚቆራረጥ ነገር እንዲሆን አልፈለግሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ወር ኩብራ በአጥር ጠራችኝና «ሰርኬ፣ በልጅሽ ቂም ይዘሻል እንዴ?» አለችኝ። ምን ማለትሽ ነው ብላት፣ «ኑሃሚን ለሳጂዳ እያለቀሰች ነገረቻት። ለወንድሜ ቀብር ስላልመጣሁ እናቴ ስልኳን ዘጋችብኝ፣ ስደውል ሁልጊዜ ዝግ ነው ትላለች» አለችኝ። ኑሃዬ፣ አሠሪዎችሽ ፓስፖርትሽን ይዘው እንዳልለቀቁሽ እኔ አላውቅም? በዚህ ቂም የምይዝ እናት መሰልኩሽ?

ዝግ የምትለዋ ቃል ምን እንደምታደርግ ደግሞ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም። የዚያን ሰኞ ከጠዋት ጀምሮ እስክንድር ጋ ስደውል ያች ሴትዮ የደወልኩለት ሰው ስልኩ ዝግ ነው ትለኝ ነበር። ቻርጅ ጨርሶ ይሆናል እያልኩ ሽሮዬን አማስላለሁ። እሱ ግን ወደ ሚኤሶ በሚወርደው መንገድ ላይ መኪናው ከተገለበጠ ቆይቶ ነበር። እንግዲህ ያንን ቃል እኔ አውቄ ላንቺ አሰማለሁ?

አንድ ቀን ግን እውነት ነው፣ ዘግቼብሻለሁ። አልዋሽሽም። ከቀብሩ በኋላ በሰባተኛው ቀን በእሱ ስልክ ደወልሽ። ስምሽን «ኑሃ ለፍላፊዋ» ብሎ መዝግቦት ኖሯል። ስሙን ሳየው እሱ ራሱ በጆሮዬ የጠራሽ መሰለኝና ጣቴ ቀዩ ላይ አረፈ። ለዚያች ቀን ይቅር በይኝ። ከዚያ በኋላ ግን አንድም ቀን አልዘጋሁብሽም። የኔ ትንሿ ስልክ በጥቅምት ባልዲ ውስጥ ከገባች ወዲህ ያለኝ የእስክንድር ስልክ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ቻርጅ አይይዝም ነበር።

መብራቱን ታውቂዋለሽ። አንዳንድ ሳምንት በቀን ሁለት ሰዓት ይመጣል፣ ከዚያ ይሄዳል። እኔ ደግሞ ከመንገድ ዳር አንዲት ቀላል ቻርጀር ገዝቼ በእሷ ነበር የምሰካው። መብራቱ ሲሄድ ስልኩ ሃያ ፐርሰንት ቢሞላ ነው። ያችን ሃያ ደግሞ ልናገር አፍራለሁ፣ እሱን ሳዳምጥበት እጨርሳታለሁ። ላንቺ በድምፅ የላከልሽን መልእክቶች ሁሉ ስልኩ ውስጥ አገኘኋቸው። ገበያ ውሎ ሲመጣ፣ ሚኒባስ ሲጠብቅ፣ እኔን ከጓዳ አስጠርቶ «ለኑሃ ሰላም በያት» ሲለኝ፣ ሁሉም አለ። እያዳመጥኩ ስልኩ እጄ ላይ ይጠፋል። አንቺ ማታ ሥራ ጨርሰሽ ስትደውዪ ዝግ ነው። ለካ ያለችኝን ቻርጅ ለሌለው ልጄ እየሰጠሁ፣ ያለችውን ልጄን በር ላይ አስቆሜያት ኖሯል።

ስልኩ ቻርጅ አይይዝም ብዬ አንድ ጊዜ ነግሬሽ ስለነበር በሳጂዳ እጅ ያንን ትልቅ ቻርጀር ላክሽልኝ። ስድሳ አምስት የሚል ተጽፎበታል። እግዜር ይስጥልኝ። ግን ልንገርሽ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከካርቶኑ አላወጣሁትም። የኔዋ አምስት ነው የምትለው፤ አምስት የለመደ ስልክ ላይ ስድሳ አምስት ብለቅበት አቃጥሎ ድምፁን ያጠፋብኛል ብዬ ፈራሁ። ኩብራ ያንን ስትነግረኝ ግን አላስቀመጠኝም። በማግሥቱ ሁለቱንም ቻርጀርና ስልኩን ይዤ መናኸሪያው ጎን ስልክ የሚጠግነው አብራር ጋ ሄድኩ። ከእስክንድር ጋር አንድ ክፍል የተማረው አብራር ነው። እስከዛሬ እንደ እናቱ «አዴ ሰርኬ» ነው የሚለኝ።

ስልኩን ከተጠቀለለበት ሻርፕ ፈትቼ ሳወጣው «ምነው አዴ፣ ብርድ እንዳይመታው ነው?» አለኝ። ቻርጅ ሳደርገውም እንደተጠቀለለ ነው ስለው ሳቁ ጠፋ። «ወላሂ ሊገድሉት ነበር። የባትሪ ጠላት ሙቀት ነው። ሲሞቀው ራሱን ለማዳን አልበላም ይላል፣ ቻርጁም ይዘገያል። ትራስ ሥር የለም፣ ጨርቅ የለም፣ ባዶ ጠረጴዛ ላይ» አለኝ። የእስክንድር ሻርፕ ነበር ኑሃዬ። አቧራ እንዳይነካው ብዬ ነው።

ከዚያ በገመዱና በስልኩ መሐል የሚገባ ቁጥር የሚያሳይ ትንሽ መለኪያ አመጣ። የኔዋ ቻርጀር አምስት ዋት እንኳ አልሞላችም። «በዚህ ከባዶ ተነስቶ ለመሙላት አምስት ስድስት ሰዓት ይፈልጋል፤ መብራቱ ሁለት ሰዓት ነው የሚሰጥዎት» አለኝ። የላክሽውን ሊሰካ ሲል እጁን ያዝኩት። አይደንግጡ አለኝና አስረዳኝ። ቻርጀርና ስልክ ሲገናኙ መጀመሪያ ይነጋገራሉ አሉ። አንዱ ይህን ያህል መስጠት እችላለሁ ይላል፣ ሌላው ይህን ያህል ይበቃኛል ይላል። ሰጪው ምንም ቢኖረው ተቀባዩ ከጠየቀው በላይ አያፈስበትም። ስለዚህ የቻርጀሩ ቁጥር ከስልኩ ቢበልጥ አይጎዳም፤ ቢያንስ ነው የሚዘገየው። ይህን ሰምቼ እጁን ለቀቅሁት።

ግን ሰክቶት መለኪያው አሥር አካባቢ ቆመ። ገመድ ቀየረ፣ ያው ነው። አንዳንዴ ጥፋቱ የገመድ ነው አለኝ፤ ቀጭን ገመድ ብዙ አያሳልፍም፤ ጥሩ ቻርጀር በመጥፎ ገመድ ከንቱ ነው። ይኼኛው ግን የገመድ አልነበረም። «ቋንቋቸው ነው አዴ። ይኼ ከሻርጃ የመጣው ብዙ ስልክ የሚያውቀውን የጋራ ቋንቋ ይናገራል። የእስክንድር ስልክ ግን ፋብሪካው ያስተማረውን የራሱን ቋንቋ ካልሆነ አይሰማም። እንግዲህ በምልክት ነው የሚግባቡት፣ በምልክት ደግሞ ወሬ አይፈጥንም» አለኝ። ወዲያው አንቺ ትዝ አልሽኝ። መጀመሪያ እዚያ ስትገቢ አረብኛው ጠፍቶሽ ውሃ ለመጠየቅ ብርጭቆ እያሳየሽ የቆየሽውን ነግረሽኝ ነበር።

ከዚያ አብራር ቀስ ብሎ «የራሱ ቻርጀር የት ሄደ?» አለኝ። የት እንዳለ አውቅ ነበር። በደሳ ነው። እዚያ ጤና ጣቢያ ሲመደብ የተከራየው ቤት፣ አከራዩ ሞሚና ጋ። ዕቃውን ውሰጂ ብላ በሰው ስትልክብኝ አሥራ አንድ ወር ሙሉ ዛሬ ነገ ስል ነበር። ዕቃውን ካመጣሁ በደሳ ላይ ምንም ልጅ አይኖረኝም ብዬ ነው። ካላመጣሁት ግን አሁንም ሥራ ላይ ያለ ይመስለኝ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ሞሚና ከበሯ ወጥታ አቅፋኝ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ። ክፍሉን ለአንዲት መምህርት አከራይታዋለች፤ የሱን ዕቃ ግን ቆጥራ በራሷ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፋበታለች። በኦሮምኛና በአማርኛ እየቀላቀለች፣ አንቺ እያለችኝ እንደ እህቷ አጫወተችኝ። «ያን ማታ መብራት የለም። ጠዋት ቸኮለ፣ ቻርጀሩ እንደተሰካ ቀረ። እሱ ወጥቶ አንድ ሰዓት ሳይሞላ መብራቱ መጣ። እኔ ነኝ የነቀልኩት፣ እናቱ ሳትመጣ ለማንም አልሰጥም አልኩ» አለችኝ። ገመዱን እሱ እንደሚያደርገው በአራት ጣት ጠቅልላ፣ በላስቲክ አስራ ነው ያስቀመጠችው።

ይዤው ስመለስ አብራር መለኪያውን እንደገና አመጣ። ቻርጀሩን ገልብጦ ከሥሩ ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ አስነበበኝ፤ አሥራ አንድ ቮልት፣ ሦስት አምፔር። «ሁለቱን ያባዟቸው» አለኝ። ሠላሳ ሦስት። ስልኩ ላይ በፍጥነት እየሞላ ነው የሚል ጽሑፍ መጣ። ከአሥራ አንድ ፐርሰንት ተነስቶ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሃምሳ አለፈ። ወደ ሰማንያ ሲጠጋ ግን ተጎተተ፤ ተበላሸ ብዬ ስደነግጥ አብራር ወደ መናኸሪያው እያሳየኝ «ሚኒባስ ሲሞላ አይተው የለ? መጀመሪያ የገባው እንደልቡ ይቀመጣል፤ የመጨረሻዎቹ ሦስት ሰዎች ናቸው ቦታ ፍለጋ የሚያቆዩን» አለኝ። ሰማንያ ሲደርስ መንቀል ለባትሪውም ደግ ነው ብሎኛል።

ስለዚህ ልጄ፣ መቶ የሚል ልትልኪ ነው ብላ ሳጂዳ ነግራኛለችና እባክሽ አትላኪ። ለሌላ ሰውም ስትገዢ መጀመሪያ የስልኩን ዓይነት ጠይቂ፤ ትልቁን ቁጥር ሳይሆን የሚግባቡትን ምረጪ። እዚህ ገበያማ እንደ ላባ የሚቀለው ሁሉ በውሸት ስድሳ አምስት ተጽፎበታል። ያንቺው ግን ከንቱ አልቀረም፤ ከኩብራ ስልክ ጋር ገና እንደተያዩ ተግባቡ። እሷ ቤት አስቀምጬዋለሁ፤ አትቀየሚኝ።

አብራር ሌላም ነገር ነገረኝ። ስልኩ ቢበላሽ እንኳ የእስክንድር ድምፅ ላንቺ የላከው ስለሆነ አንቺም ዘንድ አለ አለኝ። እኔ ብቻዬን የያዝኩት መስሎኝ ነበር የምሳሳው። ለካ ሁለታችንም አንድ ነገር ነው የምናዳምጠው።

እንግዲያው የመጨረሻውን ታውቂዋለሽ። እሑድ አመሻሹን ከበደሳ የላከልሽን። «ኑሃ፣ እማዬ ዛሬ ያደረገችውን ብነግርሽ በሳቅ ትፈርሻለሽ» ይላል፣ ራሱ ይስቃል፣ ከዚያ «ቻርጄ ሊያልቅ ነው፣ መብራት የለም፣ ነገ እጨርስልሻለሁ» ይላል። አልጨረሰልሽም። ምን እንደነበር ስታስቢ ከርመሽ ይሆናል። እኔ አውቀዋለሁ፣ እኔ ነኝ ያደረግሁት።

የዚያን እሑድ ምሳ በልተን እኔ ጓዳ ዕቃ አጥባለሁ። እሱ ሳሎን ሆኖ ያንን ቻርጀር ይዞ በኩራት «እማዬ፣ ይኼ እኮ ሠላሳ ሦስት ዋት ነው!» አለኝ። እኔ ዋጥ ያለ መሰለኝ። የጤና ባለሙያ አይደል? ለሰው መድኃኒት ሲያዝ ነው ብዬ «ሠላሳ ሦስቱንም በአንዴ ነው የሚዋጠው? ከምግብ በፊት ነው በኋላ? ሰውየውን ልትገድለው ነው እንዴ!» ብዬ ጮኽኩ። ከተቀመጠበት ዱካ ላይ ወደቀ ኑሃዬ። ሆዱን ይዞ መሬት ላይ ተንከባለለ። እኔ ምኑ እንዳሳቀው ሳይገባኝ እርጥብ እጄን ይዤ በላዩ ቆምኩ። ሲወጣ አቀፈኝና «ዋጥ በይው እማዬ» እያለ በሩ ድረስ ሳቀብኝ። ይኸው ነው። እሱ ሊጨርስልሽ ያለው ይኸው ነው።

ኩብራ ሰላም ትልሻለች፣ «በየሶላቴ ዱዓ አደርግላታለሁ በያት» ብላለች። አብራር ሰላም ብሎሻል፣ ለፍላፊዋ መቼ ነው የምትመጣው ይላል። ሞሚና ሳታውቅሽ ሰላም ብላሻለች፤ «ወንድሟ ስለሷ ሲያወራ ነው የማውቃት» አለችኝ። አብረውሽ ለሚኖሩት ልጆች ለእያንዳንዳቸው የእናት ሰላምታዬን ንገሪልኝ። ሐምሌ ስምንት ሙት ዓመቱ ነው። መምጣት እንደማትችዪ አውቃለሁ፣ አልጠብቅሽም፤ የዚያን ቀን ግን ድምፅሽን እጠብቃለሁ።

ይህን ስጽፍ ስልኩ አጠገቤ ባዶ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ምንም አልሸፈንኩትም። ሰማንያ አንድ ስላለ ነቅዬዋለሁ። ዛሬ እሱን አላዳመጥኩበትም። የሱን ሳቅ ብዙ ሰምቻለሁ ኑሃዬ፤ የቀረኝ ያንቺ ነው። ይህን አንብበሽ እንደጨረስሽ ደውዪ፣ ክፍት ነኝ።

እናትሽ ሰርክአዲስ
ጭሮ፣ ሰኔ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.