ለቀብር የቆምኩባት ጊዜ በሰዓቴ ላይ ስለመቆጠሯ

ለክቡር አቶ ጌዲዮን
የአዝመራ ሩጫ አዘጋጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ
መካነ ኢየሱስ

ክቡር ሆይ፣ የእግዚአብሔር ሰላም ከእርስዎ፣ ከፊሽካዎና አንገትዎ ላይ ከሚንጠለጠለው ሰዓት ጋር ይሁን። ጤናዎ እንደምን ከርሟል? ወንበርዎስ ተመችቶዎታል? እኔ ክብሩ ይስፋ ደኅና ነኝ፤ ጉልበቴም ደኅና ነው። የታመመብኝ ሌላ ነው፤ እሱን ከታች እደርስበታለሁ።

ይህን ቃል የምናገረው እኔ ካሳ ባዩ ስሆን የሚጽፉልኝ መሪጌታ ፊልጶስ ናቸው። ፊደል አልቆጠርኩም፤ አላፍርበትምም። ቃሌን እንዲያለዝቡት አልፈቀድኩላቸውም፤ ሁለት ቦታ ላይ ብቻ "ይህስ በክርስቲያን እጅ አይጻፍም" ብለው ብዕራቸውን ስላስቀመጡ ትቼዋለሁ፤ ክቡርነትዎ በግምት ይሙሉት። ቅጂው ከወፍጮ ቤቱ በር ላይ ይለጠፋል፤ ማንበብ የሚችል ለማይችለው ያንብብለት።

ለማያውቀኝ ሰው፣ ዕድሜዬ ስልሳ ስድስት ነው። ስልክ ወደ አገራችን ሳይገባ መርዶ የማደርሰው እኔ ነበርኩ። እስቴ ላይ ሰው ሞቶ ዘመዱ ስማዳ ያለ እንደሆነ "ካሳ ይሂድ" ይባላል፤ እኔም ቁልቁለቱን ወርጄ፣ ዳገቱን ወጥቼ እደርሳለሁ። በእኔ እግር ተጠርቶ ቀብር ያመለጠው ዘመድ የለም። ስልኩ መጥቶ ሥራዬን ሲወስድብኝ እግሬ ግን አልተቀመጠም፤ ክቡር ኮሚቴዎም "ከስልሳ ዓመት በላይ" የሚል ምድብ ሲያወጣ ለእኔ የወጣ መሰለኝ።

እቅዴ ወረቀት ላይ የለም፤ በበዓላት ቆጥሬ በልቤ ይዤዋለሁ። ከመስቀል እስከ ጥቅምት መድኃኔ ዓለም ዳገት ብቻ፤ ከዚያ እስከ ኅዳር ሚካኤል ረጅም መንገድ፤ ጾሙ ሲገባ እግር ማሳረፍ፤ ከጽዮን በኋላ ባለው እሑድ የእናንተን ግማሽ ማራቶን ከሁለት ሰዓት ከሩብ በታች ጨርሶ ማጣሪያውን ማለፍ፤ በጥር መጨረሻ ደብረ ታቦር ላይ ሙሉውን ማራቶን መሮጥ፤ በግንቦት ባሕር ዳር፤ ዕድሜ ከተሰጠኝ በመጪው ዓመት አዲስ አበባ። እንዲህ ያማረ እቅድ ነበረኝ። እንግዲህ ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

፩ኛ. በምድባችን ወደ ደብረ ታቦር ለሚሄደው አንድ ሰው፣ ለአንዲቱ የመኪና ወንበር፣ ጓዴ የሚባለውን ጎረቤቴን ስለመረጡልን አመሰግናለሁ። ጓዴ እኩያዬ ነው፤ እርሻችን ድንበርተኛ ነው፤ ክርስትና የተነሳነውም በአንድ ዓመት ነው። መሮጥ የጀመረው ግን ከሦስት ዓመት ወዲህ፣ ሐኪም "ስኳርህ ወጥቷል፣ ተንቀሳቀስ" ስላለው ነው። እኔ ዕድሜዬን የሮጥኩት ሰው በወግ እንዲቀበር ነው፤ እሱ የሚሮጠው እንዳይቀበር ነው። ይኸው በመድኃኒት ፋንታ የታዘዘለት ነገር ማዕረግ ሆኖለት፣ ዛሬ በገበያው መካከል "አትሌት ጓዴ" እየተባለ ይጠራል። እኔን አሁንም "ካሳ መርዶ" ነው የሚሉኝ።

፪ኛ. ስለ ጫማው። ልጁ የትናየት ከባሕር ዳር የላከችለት ጫማ እንደ ፍም ይቀላል፤ በሬዎቼ ባዩት ቁጥር ይደነብራሉ። በእጁ አንጓ ላይ ደግሞ ልቡ ስንት ጊዜ እንደመታ የሚነግረው ነገር አስሯል። የእኔ ልብ ቆጣሪ አያስፈልጋትም፤ እሱ አልፎኝ ሲሄድ ስንት ጊዜ እንደመታች ያለ መሣሪያ አውቀዋለሁ። ክቡርነትዎ በመክፈቻው ንግግርዎ ላይ "ውድድሩ የእኩልነት መድረክ ነው" ሲሉ የእኔን ሸራ ጫማ አይተው እንደሆነ አላውቅም፤ ብቻ ንግግሩ ያማረ ነበር፤ ረጅምም ነበር፤ ቆመን ስንሰማ እግራችን በረደ።

፫ኛ. የመጨረሻውን መስመር ሴቶቹ ከቆሙበት ፊት ለፊት ስላሰመሩልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ባለቤቴ ተዋበች በአርባ ዓመት ትዳራችን ስለ ሩጫዬ የተናገረችው ቃል ቢኖር "ልብስህን ጭቃ እንዳታስነካ" የሚል ነው። የዚያን ዕለት ግን፣ በጆሮዬ የሰማሁት ነው፣ "አይ ጓዴ! እንዲያው ሲሮጥ መሬቱን ይነካዋል?" አለች። ይህም ሳያንስ ለእኔ ብላ ከቤት ቋጥራ ያመጣችውን በሶ በጥብጣ ለእሱ ሰጠችው። ምነው ብላት "ቀድሞ ደረሳ! አንተን ስጠብቅ ይቁም እንዴ?" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ በሶ ሲቀርብልኝ ጉሮሮዬ እምቢ ይላል።

፬ኛ. አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ድልድዩን ተሻግረን ከጓዴ ጋር ትከሻ ለትከሻ እየሄድን ሳለ የእሜቴ ዘነበች ቀብር ከፊታችን መጣ። በዚህ አገር አስከሬን ሲያልፍ ሰው አይሮጥም፤ ይህን ለማወቅ ፊደል አያስፈልግም። ባርኔጣዬን አውልቄ ከመንገዱ ዳር ቆምኩ፤ ቃሬዛው፣ ካህናቱ፣ አልቃሹ ሁሉ እስኪያልፍ ጠበቅሁ። አምስት ደቂቃ ሄደ። ከዚያ ሮጥኩ፤ የገባሁትም በሁለት ሰዓት ከአሥራ ስድስት ነው። ለአንዲት ደቂቃ ከማጣሪያው ወደቅሁ ማለት ነው። የቆምኩበት ይቀነስልኝ ብዬ ባመለክት፣ ማኅተም የተመታበት መልስ ሰጡኝ፤ መሪጌታ ሦስት ጊዜ አነበቡልኝ፤ "በውድድሩ ደንብ ለቀብር የሚታሰብ ማካካሻ ሰዓት የለም" ይላል። አመሰግናለሁ። ለውኃ መጠጫ፣ ለፎቶ መነሻ፣ ለእርስዎ ንግግር ጊዜ የተገኘበት ደንብ፣ ለሞተ ሰው ጊዜ እንደሌለው በጽሑፍ ያረጋገጠ መሥሪያ ቤት በአገራችን የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

፭ኛ. ክቡርነትዎ "ጓዴስ?" ሊሉኝ ነው። አይጠይቁኝ፤ እኔው እነግርዎታለሁ፤ በሰው አፍ ከሚደርስዎ ይሻላል።

ጓዴ አልቆመም። ደረቱ ላይ ቁጥሩ እንደተለጠፈ፣ በዚያ ቀይ ጫማው፣ ከቃሬዛው ሥር ገብቶ ከአንዱ ትከሻ ተቀብሎ ተሸከመ። ቀብሩ ደግሞ የሚሄደው እኛ ወደመጣንበት ነው! ወደ ኋላ ተሸክሞ ሄደ፤ ድልድዩን እንደገና ተሻገረ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ መታጠፊያ ሌላ ሰው ሲቀበለው ዞሮ ሮጠ። እኔ የጠፋብኝ አምስት ደቂቃ ቢሆን የእሱ ከዚያ እጥፍ ይሆናል። ባሕር ዛፎቹ ጋ ስደርስ ከኋላዬ የእግር ኮቴ ሰማሁ። ሲያልፈኝ ዞር ብሎ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "በርታ እንጂ ካሳ! ና፣ አብረን እንግባ!" አለኝ። ቢሰድበኝ በወደድኩ። በሁለት ሰዓት ከአሥራ አራት ገባ።

ስለዚህ ለእኔ ቢቀነስልኝ ለእሱም ሊቀነስለት ነው፤ ያን ጊዜም ይበልጠኛል። ሂሳቡን አውቀዋለሁ። ክቡርነትዎ ግን የማያውቁትን ልንገርዎ። ቃሬዛው አጠገቤ ሲደርስ አንደኛው ተሸካሚ ደክሞት ዓይን ዓይኔን አየኝ። ሠላሳ ዓመት ሰውን ሁሉ ለቀብር እየሮጥኩ የጠራሁ እኔ ካሳ፣ ባርኔጣዬን በእጄ ይዤ፣ ዓይኔ መንገዱ ላይ ነበር። ወንበሯን እያሰብኩ ነበር። ጓዴም አየውና ገባ። እግሩ ቢበልጠኝ ይሁን፤ ሐኪም ይመስገን። በዚያች በቀብሯ ነገር፣ በእኔ በገዛ ሙያዬ፣ መቅደሙ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። መሪጌታ ይህን ሲጽፉ "ይህስ ንስሐ ነው፣ ለኮሚቴ አይጻፍም" ብለውኝ ነበር፤ ይጻፍ አልኩ።

፮ኛ. ይህን ሁሉ ተናግሬም ወንበሯን እፈልጋታለሁ። እውነቱን ማወቅ ሌላ፣ መፈለግ ሌላ። የመኪናው ወንበር ሁለት እንዲሆን ወይም እኔ ከጭነቱ ጋር እንድሄድ በትሕትና አመለክታለሁ።

በዕድሜ ልጄ፣ በሥልጣን ግን አባቴ ለሆኑት ለክቡርነትዎ፣ ከጉልበት በታች ማጎንበስ ለሯጭ ስለማይመከር እስከ ጉልበቴ ብቻ ዝቅ ብዬ፣ ኮሚቴዎ እንዲሰፋ፣ ደንብዎ እንዲረዝም፣ ፊሽካዎም ከነድምፁ ለልጅ ልጅ እንዲተርፍልዎ እየተመኘሁ እሰናበታለሁ።

ካሳ ባዩ
(የጣት አሻራ)

ተጨማሪ፦ ደብዳቤው ከታሸገ በኋላ መሪጌታን አስከፍቻቸዋለሁ። ለካ ጓዴ ትናንት ቢሮዎ ድረስ መጥቶ "እኔ በጥር ውቂያ አለብኝ፣ ቦታውን ለካሳ ስጡልኝ" ብሎዎታል፤ ክቡርነትዎም ከእኔ ጭቅጭቅ ስለተገላገሉ ደስ ብሎዎት እሺ ብለውታል። እንደምን ያለ ፍርድ ነው! ደንብ ያልሰጠኝን ጓዴ እንዲመጸውተኝ ፈቀዱለት። አልቀበልም። ገብሱን እኔ በራሴ በሬዎች አበራይለታለሁ፤ ምርቱን ከገለባው ለይቼ እጠብቀዋለሁ፤ ምክንያት የለውም፣ ሄዶ ይሩጥ። እርስዎን የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ደብረ ታቦር ላይ ፎቶ መነሳቱን ለጥቂት ጊዜ ተወት አድርገው ጓዴ የገባበትን ሰዓት ሳያዛንፉ ይያዙልኝ። ግንቦት ላይ ባሕር ዳር የምሰብረው እሱን ነው።