እውነተኛው ትኩሳት

ጥር 5
ጠዋት ገበያ። አሥራ አንድ ሚዛን መረመርኩ፤ ሁለቱ ጎደሎ። ባለሽንኩርቷ "አሥር ግራም ምን አላት ጋሼ?" ብላ ተሟገተችኝ። ሚዛኗን አሸግኩባት።

ከሰዓት ባለቤቴን ይዤ ሆስፒታል። ለኩላሊቷ ካንሰር የቀረ መድኃኒት የለም፤ ሁሉም ተሞክሯል። የቀረው ይሄ የአዲስ መድኃኒት ጥናት ነው። ዶክተሯ በወረቀት ላይ እየሣለች አስረዳችን። በሽታን የሚዋጉት የሰውነት ወታደሮች እርስ በርስ የሚነጋገሩት በፕሮቲን ነው። አንደኛው ፕሮቲን "ተነሱ" ይላቸዋል፣ ሁለተኛው "ተባዙ"። ለየብቻ ሲሰጡ ዕጢውን አልነኩትም። አሁን ሁለቱን አንድ ላይ ሊወጓት ነው።

ትኩሳት ይመጣል አለች። በቀን ሦስት ጊዜ ለክቼ፣ በሰጡን ሰማያዊ ደብተር እጽፋለሁ። ከ39.5 ካለፈ ወዲያው መደወል። ያኔ ሁለተኛው ፕሮቲን ይቋረጣል። "በደንብ ከቻሉት ለሚቀጥለው ሰው መጠኑን እንጨምራለን" አለቻት።

የሚቀጥለው ሰው አጠገባችን ተቀምጧል። ልብስ ሰፊ ነው። ሱሪዬን አየና፣ "አንተ ሰው፣ ወገቡ አራት ጣት ሰፍቶሃል። ታማሚው አንተ ነህ እሷ?" አለኝ። ባለቤቴ ሳቀች። ከሳቀች ስንት ጊዜዋ ነው?

ጥር 8
ትናንት ተወጋች። ጠዋት 38.4። ቀን 38.9። ምሽት 39.1። ጥርሷ ይንቀጫቀጫል።

ጥር 9
ቀን 39.8። ስልኩን አነሳሁ። እጄን ያዘችኝ።
"የት ልትደውል ነው?"
"ደንቡ ነው።"
"ደንብህን ለባለሽንኩርቷ! ካቋረጡብኝ ምን ቀረኝ? ንገረኛ... ምን? ዝቅ አድርገህ ጻፈው።"
ሰማያዊው ላይ 39.2 ጻፍኩ። እውነተኛውን እዚህ፣ በራሴ ደብተር። የሃያ ሁለት ዓመት ልማድ... ያነበብኩትን የሆነ ቦታ ካላሰፈርኩ አይሆንልኝም።

ጥር 10
40.3። ሰማያዊው ላይ 39.0። ይሄን እሷ አላለችኝም። ራሷንም አታውቅም ነበር። እርጥብ ፎጣ ስለዋውጥ ዋልኩ። ብትሞትብኝስ? ማን ገደላት ሊባል ነው?

ጥር 12
37.9። ሾርባ ጠጣች። "አየህ?" አለችኝ።

የካቲት 4
ዕጢው በሲሶ ቀንሷል። በሲሶ! ባለቤቴ የዶክተሯን እጅ አልለቅም አለች። ሁለተኛው ዙር የካቲት 20 ነው። ዶክተሯ ሰማያዊውን ደብተር እያገላበጠች "ግሩም አድርገው ችለውታል" አለች። እኔ ወለሉን አየሁ።

ልብስ ሰፊው ኮሪደሩ ላይ ነበር። "የሷ ገድ ለኔም ይድረሰኝ። ልዳን እንጂ ሱሪህን በነጻ ነው የማስተካክልልህ" አለኝ። ነገ ይጀምራል። መጠኑ ተጨምሮለታል። ሰማሁ። ዝም አልኩ።

የካቲት 11
የደም ውጤቷን ልቀበል ሄጄ የልብስ ሰፊውን ሚስት በር ላይ አገኘኋት። ትኩሳቱ አልወርድ ብሎ፣ ሳንባው ውሃ ሞልቶ... በመሣሪያ ነው የሚተነፍሰው።
"ወንድሜ፣ ለእናንተ እንዲያ የተስማማ ለኛ ምን ሆነ? የኛ ሰው ምን ጎደለው?"
ሐኪሞቹ ሰውነቱ ደካማ ሆኖ ይሆናል ብለዋታል። በዚያው መጠን ሌሎች ሁለት ሰዎች በዚሁ ሳምንት ይጀምራሉ።
ምንም አልጎደለውም። የጎደለው የኔ ቁጥር ነው። ብናገር ባለቤቴን ከጥናቱ ያስወጧታል። ዝም ብል... ሁለት ሰዎች።

የካቲት 12
ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኳት።
"ያ በሱሪህ የቀለደው ሰውዬ?"
"እሱ።"
"እኔ ነኝ ጻፍ ያልኩህ።"
"የጻፍኩት እኔ ነኝ።"
"የቀነሰው ሲሶ በግራም ስንት ይሆናል?" አለችኝ። አላውቅም አልኳት። ሚዛን መርማሪው ሰውዬ አያውቅም።
ከዚያ "ነገ አብረን ነው የምንሄደው። አንተን ብቻህን ብልክህ ከበር ትመለሳለህ" አለች። ይሄን ደብተር ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ይቺን ልጨርስ ብዬ ለምኜ ነው የተቀበልኳት።

የካቲት 13
ዶክተሯ ሁለቱን ደብተሮች ጎን ለጎን ዘርግታ አነበበች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።
"40.3 ላይ ምን ያህል ቆዩ?"
"ስምንት ሰዓት ያህል።"
ስልክ አንስታ የሁለቱን ሰዎች መርፌ አስቆመች። ከዚያ ወደ ባለቤቴ ዞረች። "ከጥናቱ ወጥተዋል። ሁለተኛ ዙር የለም። አዝናለሁ።"
ባለቤቴ "ልብስ ሰፊውስ?" አለች።
"ገና አልነቃም።"
ሰማያዊው እዚያ ቀረ። የኔን ገጾች ፎቶ አንስታ መለሰችልኝ።

የካቲት 20
የሁለተኛው ዙር መርፌ ዛሬ ነበር።
ልብስ ሰፊው ትናንት መሣሪያው ተነቅሎለት በራሱ መተንፈስ ጀምሯል። ልጠይቀው ስሄድ ሚስቱ አይታኝ ፊቷን አዞረች። ልክ ናት።
ቤት ስገባ ባለቤቴ "ለካኝ" አለችኝ።
"ምን ያደርግልሻል?"
"ለካኝ አልኩህ።"
ለካኋት።
"ስንት አለ?"
"36.6።"
"እውነቱን?"
"እውነቱን።"
ቴርሞሜትሩን ከእጄ ነጥቃ "አሁን ራሴ ነኝ የማነብበው" ብላ ብብቷ ሥር መልሳ ከተተችው። አጠገቧ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ።