ልጅ ያመጣል የተባለው መርፌ

ሰኞ

«እኔስ ለልጄ ሌላ ሚስት አይቼለታለሁ» አለች ሆዮ፣ ጫት በሚቃምበት በርጫ መሃል፣ ጎረቤቶቿ ሁሉ ባሉበት። ሆዮ የባሌ የአብዲ እናት ናት፤ እኔም እንደ እሱ በሶማሊኛ «እናቴ» እያልኩ ነው የምጠራት። «ሁለት ዓመት ታገስኩ። ወላሂ ልጅቷን አልጠላትም፤ ግን አትወልድም።»

አብዲ ጫቱን እየቀነጠሰ መሬት መሬቱን አየ። ሁለቴ ተመርምሬ ምንም እንደሌለብኝ ያውቃል። እሱ አንድም ቀን አልተመረመረም።

አላለቀስኩም። ተነስቼ ደጅ ወጣሁ።

ማክሰኞ

ከትምህርት ቤት ስመለስ አብዲ ሱቁን ዘግቶ፣ በሙቀቱ ልብሱን ከላይ አውልቆ በሆዱ ተኝቷል። ትከሻው እንደ ዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼ ፊት በብጉር ተሞልቷል። ላብ የጠጣ ቲሸርቱን ላጥብ የጂም ቦርሳውን ከፈትኩ። ሲሪንጅ። ዘይት የመሰለ መድኃኒት። ጠርሙሱ ላይ፦ ቴስቶስትሮን፣ የወንድ ሆርሞን።

ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፤ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ።

ሲነቃ ጠየቅኩት። «የጂም ልጆች ናቸው የሰጡኝ፣ ለወንድ ኃይል። ሆዮ ልጅ ልጅ ማለት ስትጀምር ነው መወጋት የያዝኩት! ልጁ ሳይመጣ ሲቀር መጠኑን ጨመርኩት። ላንቺ ብዬ እኮ ነው!»

ረቡዕ

ላስረዳው ሞከርኩ። አንጎል ደም ውስጥ ያለውን ሆርሞን ይለካል። ሲያንስ ለዘር ፍሬዎቹ «ሥሩ» ብሎ ያዛል። ከውጭ ሲገባ «በቃ» ብሎ ትእዛዙን ያቆማል።

«የውሃ ሮቶው በቦቴ ውሃ ሲሞላ ውስጡ የምትንሳፈፈው ኳስ የመንግሥቱን ቧንቧ ትዘጋለች አይደል?»

«ታዲያ ሮቶው ሙሉ ነዋ!» ብሎ ሳቀ።

«ሙሉ ነው። ልጅ የሚመጣው ግን በተዘጋው ቧንቧ ነው።»

ሳቁ ጠፋ። «ሚስት እንጂ አስተማሪ አላገባሁም!» ብሎ በሩን በቡጢ መታው። እንጨቱ ተሰነጠቀ። የማውቀው አብዲ ድምፁን እንኳ አያነሳም ነበር። መድኃኒቱ ነው ወይስ እሱ ራሱ? አለማወቄ ከቡጢው በላይ አስፈራኝ።

ዓርብ

ከጁምዓ ሲመለስ «ነይ እንሂድ» አለኝ፣ ፊቴን ሳያይ። ከዚራ ሰፈር ያለ ሐኪም ጋ ሄድን። ሐኪሙ «የዘር ፍሬዎችህ አንሰውብሃል?» ሲለው አንገቱን ደፋ። አዎ ማለቱ ነው። ደምና ዘር ሰጠ።

ቅዳሜ

ውጤት። ቴስቶስትሮኑ ከመጠን በላይ። የአንጎሉን ትእዛዝ የሚያደርሰው ሆርሞን ዜሮ ሊባል ምንም አልቀረው። ዘሩ ውስጥ ሕይወት ያለው ስፐርም ቀርቶ የሞተ እንኳ የለም።

«በራስህ አታቁመው፤ እየተከታተልኩ ነው የምናቆመው» አለው ሐኪሙ። «የብዙ ሰው ይመለሳል። ወራት ይፈጃል፣ ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል። ቃል ግን አልገባልህም።»

ባጃጅ ውስጥ እጄን ያዘ። «እስክድን ለሆዮ እንዳትነግሪ፣ በአላህ። ዝም ብትይ ምን ትሆኛለሽ?»

ምን እሆናለሁ! ነገ ሆዮ ለአብዲ ያየችለትን ልጅ አጎቶች ምሳ ጠርታለች።

እሁድ ጠዋት

አብዲ ይላጫል። ምን እንደሚናገር አልነገረኝም። ቢክደኝስ? ቢፈታኝስ? ሰውነቱ ጭራሽ ባይመለስስ?

ፈርቻለሁ፤ ቢሆንም ነግሬዋለሁ፦ «ምሳው ሳይቀርብ አንተ ትናገራለህ። ካልተናገርክ እኔ እናገራለሁ።» እስኪድን አብሬው እጠብቃለሁ፤ ዓመትም ቢፈጅ። ከዛሬ በኋላ ግን እሱ አፍሮ ዝም ስላለ መካን መባልን አልቀበልም።