ሁለት በርኖስ፣ ሁለት ገዢ

ጥር 12 ቀን 2008

አቧራ፣ ነፋስ፣ አቧራ። በሬዎቹ በድርቁ ከተሸጡ ወዲህ አባዬ ጠዋት ተነስቶ የሚሄድበት የለውም። ደጃፍ ላይ ፀሐይ ይሞቃል። እኔ ስልክ እነካካለሁ። ከሳዑዲ ሲያባርሩን የተረፈኝ እሱ ነው፤ ሥራ የለ፣ ስልክ አለ!

ፌስቡክ ላይ፣ የመካነ ሰላም ልጆች ግሩፕ ውስጥ ጨረታ አየሁ። አንድ በርኖስ። ዱባይ ያለው ይርዳውና ጅዳ ያለችው ኡምኩልሱም እልህ ተጋብተው... ሰባት ሺህ ብር አደረሱት። እዚህ ገበያ ሁለት ሺህ ካወጣ ተመስገን ነው። የእኛ በርኖስ ሳጥን ውስጥ ምን ይሠራል?

ጥር 14

ለአባዬ ነገርኩት። እማዬ፣ አላህ ይዘንላትና፣ ራሷ ፈትላ ያሠራችው ነው። ለወንድ ልጅ ሰርግ ብላ። ወንድ ልጅ አልወለደች... በርኖሱ ቀረ። አባዬ ሳጥኑን ከፍቶ አወጣውና "ለኸዲጃ ከሆነ ይሁን" አለ።

ኸዲጃ ታናሼ ናት። አሥረኛ ክፍል ጨርሳ ቁጭ ብላለች። ደሴ ነርስነት መማር ትፈልጋለች። "መመዝገቢያው አምስት ሺህ ነው እቴ። እስከ የካቲት መጨረሻ ካልተገኘ ከደላላው ጋር እወጣለሁ" ትላለች። በየመን በኩል! ጦርነት አለ ብላት፣ "አንቺስ ሄደሽ የለ?" አለችኝ።

ጥር 16

ፎቶ አነሳሁት። ላወጣው ስል ጎረቤታችን እትዬ የሻለም መጡ። የሟች ባላቸውን በርኖስ በነጠላ ጠቅልለው። "የኔንም አብረሽ አውጪልኝ ልጄ። እህል አልቆብኛል።"

"የርስዎን በሚቀጥለው ሳምንት ላውጣው?" አልኩ። ለምን እንዳልኩ እንኳ አላውቅም። አባዬ ተቆጣ።

"ምን ማለት ነው? ገበያ ላይ ለብቻው የቆመ በግ ማን ዞር ብሎ ያየዋል? ገዢ የሚመጣው ሻጭ ወደተሰበሰበበት ነው። አብረሽ አውጪው!"

ዕድሜውን ሙሉ በግ የሸጠ ሰው ነው። ሁለቱንም አወጣሁ። ዓርብ ማታ ይዘጋል። ዓረብ አገር ያሉት እፎይ የሚሉት ዓርብ ነው።

ጥር 20፣ ዓርብ

እነዚያው ሁለቱ መጡ። ይርዳውና ኡምኩልሱም። በእኛው ላይ ይርዳው ሁለት ሺህ አለ። ኡምኩልሱም ሁለት ሺህ ሦስት መቶ። ከዚያ ይርዳው ጠፋ... ለካ ወደ እትዬ የሻለም በርኖስ ዞሯል! ኮሜንት ላይ ጻፈላት፦ "አንቺ ያን ውሰጂ፣ እኔ ይሄን። ምን ያጨራርሰናል?" የሚስቁ ቢጫ ፊቶች ደረደረችለት።

ተዘጋ። የእኛ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ፣ የሳቸው ሁለት ሺህ ሁለት መቶ።

ሁለት ሰው፣ ሁለት በርኖስ። ምን ያጣላቸዋል? ያን ጊዜ ሰባት ሺህ ያወጣው በርኖሱ አልነበረም፤ እልሁ ነበር። እልሁን እኔው በእጄ አበረድኩት።

ጥር 21

አልሸጥም ልል ነበር። አባዬ እምቢ አለ። "ቃል ሰጥተሻል።" ቃል! ኸዲጃ ቃሉን ይዛ ትመዝገብ?

እትዬ የሻለም መጥተው ጉልበቴን ሊስሙ ምንም አልቀራቸው። "ገበያ ብወስደው አንድ ሺህ አምስት መቶም አይሉኝ። እድሜ ይስጥሽ።" አሜን አልኩ። ምርቃቱ እንደ ስድብ ነው የተሰማኝ። ጠላኋቸው። ምን አደረጉኝ? ምንም... ጠላኋቸው።

የካቲት 27

ኸዲጃ ሄደች። የበርኖሱን ብር ለደላላው ሰጥታ። አልተሰናበተችንም።

መጋቢት 29

ደወለች። የመን ናት። አጋቾች ይዘዋታል። "እቴ፣ በአላህ ብር ላኩ፣ ይገርፉናል..." አንድ ወንድ ስልኩን ነጠቃት። ለመልቀቂያዋ ሃያ ሺህ ይላል። አባዬ መሬት መሬት እያየ ሰማው።

ሚያዝያ 3

አጎቶቼ ያላቸውን ሸጡ። አሥራ አራት ሺህ ሞላ። ስድስት ሺህ ጎደለ።

አባዬ የዘወትር ልብሱን፣ የራሱን በርኖስ፣ ከትከሻው አውልቆ ጭኔ ላይ አስቀመጠው። በሸሚዝ ብቻ ቀረ፣ በዚህ ብርድ። እምቢ ማለት ነበረብኝ? አላልኩም።

ሚያዝያ 5

ትናንት አወጣሁት። መጀመሪያ ግሩፑን ከላይ እስከ ታች ፈተሽኩ፤ ሌላ በርኖስ የለም። ዛሬ አራት ሺህ አምስት መቶ ገብቷል። ይርዳውና ኡምኩልሱም ተያይዘዋል። ተያያዙ! አትስማሙ!

ከሰዓት እትዬ የሻለም መጡ። የወንድማቸውን በርኖስ ታቅፈው። "የወንድሜ ልጆች የሚቀምሱት የላቸውም። እንደዚያን ጊዜው አውጪልኝ ልጄ።"

"ኔትወርክ የለም እትዬ። መቼ እንደሚመጣም አይታወቅም።"

ስልኩን ቀሚሴ ስር ደበቅኩት። አዲስ ዋጋ ሲገባ እዚያው ሆኖ ይንቀጠቀጣል።

"ይሁን፣ እሱ ያውቃል" አሉ። ኸዲጃን በሰላም ያምጣልን ብለው መረቁና በርኖሱን እንደታቀፉ ተመለሱ።

አባዬ አጠገቤ ነበር። ሁሉንም ሰምቷል። ሴትዮዋ ከአጥሩ እስኪያልፉ ጠብቆ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "አሁን ስንት ገባ?" አለኝ።