አኒስ ጡጦ እምቢ ያለ ሳምንት

ለአባቴ እህት፣ ለባሌ እናት፤

አሰላሙ ዐለይኪ ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ይህን የምጽፍልሽ የወንድምሽ ልጅም ምራትሽም ነኝ። ጉልበትሽ እንዴት ሰነበተ? ስኳርሽስ ወረደልሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። የጅቡቲ ሙቀት ገና አልበረደም፤ መብራት በሄደ ቁጥር ግቢ ወጥተን እንተኛለን። ልጅሽ አኒስ ደህና ነው፤ ወደብ ላይ ኮንቴይነር ሲያስለቅቅ ውሎ፣ ሸሚዙ ላይ ላቡ ጨው ሠርቶ ይገባል። የልጅ ልጅሽ ኢማን ጥርሷ ሞልቶ ሰው መንከስ ጀምራለች።

ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ አስጻፈሽ እንዳትዪኝ። አንቺ በስፒከር ነው የምታወሪው፤ ግቢው ሙሉ ይሰማል። የኔን ስልክ ደግሞ አኒስ ያነሳዋል። ይህን በባቡር የምታመጣልሽ ጎረቤታችን ጀዋሪያ ናት። ከአንቺ እጅ ሌላ ለማንም እንዳትሰጥ አስምያታለሁ። አንቺም ራስሽ አንብቢው። መነጽርሽ ከጠፋም እስኪገኝ ይቆይ እንጂ ለልጅ አታስነብቢ።

አክስቴ፣ እናቴ ሳትሞት ነገረችኝ።

እጄን ይዛ «አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ» አለች። ለምኑ ብላት ጀመረች። ያኔ ሁላችንም ድሬዳዋ ነበርን። አንቺ ታይፎይድ ይዞሽ ሆስፒታል ስትተኚ፣ ጡት ያልጣለውን አኒስን እሷ ዘንድ ተውሽው። ጡጦ እምቢ አለ። ሲያለቅስ ውሎ ሲያለቅስ አደረ፤ በመጨረሻ አንጀቷ አልችል ብሏት አጠባችው። እኔም ያኔ ጡት ላይ ነበርኩ። አንዱ ለእኔ፣ አንዱ ለእሱ፣ እስክትወጪ ድረስ ሳምንት ሙሉ። ስትወጪ ብትነግርሽ «ማን አየ፣ ማን ቆጠረ፣ ተይው» አልሻት። እሷም ተወችው።

ከዚያ እኛ ወደ ጅቡቲ ተሻገርን፤ ልጆቹ አደጉና እኔን ለአኒስ ልትጠይቂ ከድሬዳዋ ጅቡቲ ድረስ መጣሽ። አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ «ከእህቴ ልጅ ሌላ ለማን እሰጣታለሁ» ብሎ እናቴ አፏን ሳትከፍት እሺ አለ። እሷ አንቺን ስታይ አንቺ ምንጣፉን ታዪ ነበር አለችኝ። «የወለደችው ዝም ካለች እኔ ማን ነኝ» ብላ እሷም ዝም አለች። ሠርጌ ላይ ከሁሉ ይበልጥ የጨፈርሽው አንቺ ነሽ፤ ቪዲዮው አለኝ። እናቴ ከሞተች በኋላ ከፍቼ አየሁትና ረገምኩሽ። አልደብቅሽም፣ ረግሜሻለሁ። አላህ ይቅር ይበለኝ።

ሰው እንዳያውቀኝ ከሰፈራችን ከካርቲየ 2 ተነስቼ አምቡሊ ድረስ ሄጄ አንድ ሸህ ጠየቅኩ። የጓደኛዬ ጉዳይ ነው አልኳቸው፤ ያመኑኝ አይመስለኝም። በሶማሊኛ ቀስ ብለው አስረዱኝ። የአክስት ልጅ ማግባት ሐላል ነው፤ አብሮሽ የጠባ ግን ወንድምሽ ነው፤ አምስት ጊዜ ጠግቦ ከጠባ ኒካሑ ኒካሕ አይደለም። ሳያውቁ የወለዱት ልጅ የአባቱ ነው፣ በስሙ ይጠራል፣ ይወርሳል። ቁጥሩ ላይ ጥርጣሬ ካለ ግን ትዳሩ አይፈርስም አሉኝ። ስንት ጊዜ ጠባ ብለው ሲጠይቁኝ «አይታወቅም» አልኩ። ሳምንት የምትለዋን ቃል ዋጥኳት።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት ልለምንሽ ነበር። «አንድ ቀን ብቻ ነው፣ ቢበዛ ሁለቴ» ብለሽ እንድትጽፊልኝ፤ ሁለታችን በሆዳችን ይዘነው እንድንሞት።

እዚህ ላይ ስደርስ አኒስ ከሥራ ገባ። ወረቀቱን ከኢማን ልብስ ሥር ሸሸግኩት። ሐብሐብ ገዝቶ ነበር፤ እንደ ወትሮው ፍሬ የሌለውን መሐሉን ለእኔ ቆርጦ አስቀመጠልኝ። ከዚያ «ሐኑ፣ ዛሬም እናትሽ ክፍል ነው የምትተኚው?» አለኝ። ሐዘን ነው አልኩት። ለእናት የሚታዘነው ሦስት ቀን እንደሆነ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፤ ከሞተች ሁለት ወር ሊሆናት ነው። ትራሴን አምጥቶልኝ ሄደ።

አክስቴ፣ ይህን ሰው እንዴት አድርጌ ልዋሸው? እናቴ ክፍል በመተኛቴ ተቆጥቶብኝ ቢሆን፣ መትቶኝ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ኢማን ደረቱ ላይ ተኝታ «አባ» ስትለው እሰማና፣ ከሆዴ የወጣችው ልጅ የወንድሜ ልጅ ልትባል ነው እላለሁ። እሱ ለእሷ አባትም አጎትም ሊሆን፣ እኔ እናትም አክስትም ልሆን። የማትለወጪው አንቺ ብቻ ነሽ፤ ያም ሆነ ይህ አያቷ ነሽ።

ስለዚህ ልመናዬን ትቼዋለሁ። ምንም አትጻፊልኝ፤ ነይ። ጀዋሪያ ስትመለስ አብረሻት በባቡሩ ነይና በራስሽ አፍ ንገሪው። እኔ ሞክሬ አልወጣልኝም። ያጠባችው አልፋለች፤ የወለድሽው አንቺ አለሽ። በር ላይ አልሰድብሽም፣ አትፍሪ። አልጋ ተነጥፎልሻል፤ እናቴ ክፍል ከእኔ ጋ ነው። ስትነግሪው እኔ ኢማንን ይዤ ወደ ባሕሩ እወጣለሁ። ቤቱ የአባቴ ነው፤ የሚወጣው እሱ መሆኑን ታውቂያለሽ። ሻንጣውን ግን አንቺ አዘጋጂለት፤ እኔን እንዳታዢኝ።

አንድ ነገር አደራ። ኢማን ሆዴ ውስጥ እያለች የላክሽልኝን ዓይነት ሎሚ ይዘሽልኝ ነይ። ካለፈው ወር ጀምሮ ሌላ ነገር ሆዴ ውስጥ አልረጋልኝም፤ ልክ እንደ ኢማን ጊዜው ነው። ለአኒስ በስልክ እንዳታነሺበት።

አላህ ጤናሽን ይመልስልሽ፣ መንገድሽን ያግራልሽ። ለእናቴም ጀነትን ይወፍቃት፤ አውፍ ብያታለሁ። አንቺን ስትመጪ እናያለን።

የወንድምሽ ልጅ